በርበሬን በእጅ ስልክ መሸጥ፤ ከቤት ስለሚካሄድ አነስተኛ የኢንተርኔት ንግድ

ባለፈው ዓመት በንግድ ሥራ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አነሣና፣ «ቲቸር፣ እናቴ ሱቅ የላትም፤ ግን በቴሌግራም በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ነጋዴ ትባላለች?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «አዎን፣ ትባላለች» ብዬ ወደ ጀመርኩት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተመለስኩ። ጥያቄው ግን ከክፍል ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ልጁ የጠየቀው ስለ ስያሜው ብቻ አልነበረም፤ እናቱ ሌሊት እየተነሣች የምትደክምበት ነገር በእርግጥ ሥራ መሆኑን፣ ትርፍና ኪሳራውም እንደ ማንኛውም ንግድ ሊታወቅ የሚችል መሆኑን የሚነግረው ሰው ፈልጎ ነበር። የእኔም ቤት ከዚህ የራቀ አይደለም። ባለቤቴ ላለፉት አራት ዓመታት ከመኖሪያ ቤታችን ባልትና እያዘጋጀች በእጅ ስልክ ትሸጣለች። እሷ በደመወዜ ላይ የምትጨምረው ገንዘብ ባይኖር ኖሮ የሁለቱን ልጆቻችንን ወጪ መሸፈን ባልቻልን ነበር። ስለዚህ በክፍል ውስጥ በአንድ ቃል ያለፍኩትን መልስ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ጉልትና ስልክ

በጉልት ገበያ አንዲት ሴት በርበሬ ስትገዛ የምታደርገውን ልብ ብሎ ያስተዋለ ሰው ብዙ ነገር ይማራል። ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች፤ በጣቷ አሽታ ቀለሙን ትመለከታለች፤ ምላሷ ላይ ጣል አድርጋ ጨው መብዛት አለመብዛቱን ታረጋግጣለች፤ ከዚያ በኋላ በዋጋው ትከራከራለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ሻጯን ስለምትጠላ ወይም ስለምትጠረጥር አይደለም። በዓይኗ፣ በአፍንጫዋና በምላሷ ማረጋገጥ ስለምትችል የሻጯን ቃል መጠበቅ አያስፈልጋትም። በኢንተርኔት በሚካሄድ ንግድ ግን አፍንጫና ምላስ ሥራ ይፈታሉ። ለገዢው የሚቀርለት አንድ ፎቶግራፍና የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ንጽሕና የሚነገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

በአገራችን ከተሞች ለዚህ ዓይነቱ ንግድ በብዛት የሚያገለግለው ቴሌግራም ነው። በቴሌግራም ሁለት ዓይነት መድረክ ይከፈታል፤ አንዱ ቻናል፣ ሌላው ግሩፕ ይባላል። በግሩፕ ውስጥ አባላቱ ሁሉ ሊጽፉ ይችላሉ፤ በመሆኑም እንደ ሰኞ ገበያ ጫጫታ ይበዛበታል፤ የሌላ ሻጭ ማስታወቂያም ሳይጠሩት ይገባል። በቻናል ግን የሚጽፈው ባለቤቱ ወይም እሱ የወከለው ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎች ያነባሉ፤ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ስንት ጊዜ እንደታየም ከግርጌው ይቆጠራል። ለጀማሪ ሻጭ ቻናሉ የተሻለ መሆኑን ከልምድ አይተናል። ቻናል ለመክፈት የሚከፈል ገንዘብ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ሱቁ በነፃ ስለተከፈተ ንግዱም በነፃ የሚካሄድ ይመስለዋል።

ፎቶግራፉን በተመለከተ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ዕቃውን ጠዋት በመስኮት አጠገብ፣ በነጭ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ሰፌድ ላይ አድርጎ በተራ የእጅ ስልክ ማንሣት ይበቃል። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ካረፈበት ቀለሙ ይገረጣል፤ ማታ በአምፑል ሲነሣ ደግሞ ይጠቁራል። በስልኩ ውስጥ ባለው ማሳመሪያ ቀለሙን ማድመቅ ግን ጦሱ ብዙ ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት የበርበሬውን ፎቶግራፍ ትንሽ አቅልታው ነበር፤ በዚያ ሳምንት ሦስት ሰዎች «ያየነው ሌላ፣ የመጣልን ሌላ» ብለው ደወሉ። በርበሬው ምንም እንከን አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፉ የሚነሣው ከዚያው ከሚሸጠው በርበሬ ላይ ነው፤ የተዘጋጀበት ቀንም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይነሣል።

ዋጋን በግልጽ መጻፍ ይገባል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ እንዴት እንደ ተስፋፋ አይገባኝም። ገዢው ሻጩ ፊቱን አይቶ ዋጋ የሚቆርጥበት ይመስለዋል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ስሕተት አይደለም። ዋጋው፣ ሚዛኑና የማድረሻው ሒሳብ አንድ ላይ ሲጻፉ ሻጯ በቀን ሃምሳ ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ከመመለስ ትድናለች።

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል?

ከቤት ሆኖ ለማያውቁት ሰው መሸጥ የተቻለው ዕቃ ሳይሆን ገንዘብ በስልክ መጓዝ ከጀመረ በኋላ ነው። ለዚህ ነገር ጎረቤታችን ኬንያ ቀደምት ናት። በዚያ አገር ኤምፔሳ የሚባለው አገልግሎት በመጋቢት ወር እ.ኤ.አ. በ2007 በሳፋሪኮም ኩባንያ ተጀመረ። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው፤ «ኤም» ደግሞ ሞባይል የሚለውን ቃል ይወክላል። አገልግሎቱ አስቀድሞ በሙከራ ላይ ሳለ የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን ከዕዳ መክፈያነት ይልቅ ገንዘብ ለዘመድ ወዳጅ መላኪያ አደረጉት፤ ኩባንያውም ይህን አይቶ ወደ ቤት ገንዘብ መላኪያ ነው ብሎ ለሕዝብ አቀረበው። በናይሮቢ የሚሠራው ልጅ በገጠር ላለች እናቱ ገንዘብ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መላኩን ተወ። የመንደሩ ባለ ሱቅም ጥሬ ገንዘብ ተቀባይና ሰጪ ወኪል ሆነ።

በኢትዮጵያ ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። ባንኮችም የየራሳቸው የስልክ አገልግሎት አላቸው። ለቤት ነጋዴ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኪሎ ሽሮ ለመሸጥ ወይ ገዢው ቤት ድረስ መምጣት፣ ወይ ሻጯ ገንዘቡን በአድራሹ አምና መጠበቅ ነበረባት።

ሆኖም ክፍያው በስልክ ሲሆን ማጭበርበሩም በስልክ ይመጣል። በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገር። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ አንድ ሰው ስድስት ኪሎ በርበሬና አራት ኪሎ ሽሮ አዘዘ። «እህቴ፣ እንግዶች ስለሚመጡብኝ ቶሎ ብትልኪልኝ» እያለ በጨዋ አነጋገር ሲያጣድፋት ቆየና የከፈለበትን ማስረጃ በፎቶ ላከ። ወዲያውም ገንዘቡ ገብቷል የሚል አጭር የጽሑፍ መልእክት ስልኳ ላይ ደረሰ። ባለቤቴ ዕቃውን ለሞተረኛው አስረከበች። ማታ ሒሳቧን ስትዘጋ የተላከ ገንዘብ የለም። መልእክቱን ደግመን ስናየው የመጣው ከአገልግሎቱ ሳይሆን ከአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ፎቶውም የተሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ለልጆቹ የበዓል ልብስ አልተገዛም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የጸና ደንብ ወጣ። የተላከ ፎቶ አይታመንም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ብቻውን አይታመንም። የሚታመነው በራስ ስልክ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ ነው። ቴሌብር የሚጠቀም ሰው ኢንተርኔት ባይኖረውም *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይችላል። የሚያጣድፍ ገዢ በበዛ ቁጥር ማጣራቱም መርዘም አለበት። ቻናሉን ራሱን የሚሰርቁም አሉ። ወደ ቴሌግራም ለመግባት የሚላከውን የምሥጢር ቁጥር ለማንም፣ «ከቴሌግራም ድርጅት ነኝ» ለሚል ሰው እንኳ፣ መንገር አይገባም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውንም መከላከያ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ መክፈት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ለእናቶቻቸው ሊሠሩላቸው የሚችሉት ተማሪዎቻችን ናቸው።

የማይታየው ወጪ

ወደ ተማሪው ጥያቄ የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። አንድን ሰው ነጋዴ የሚያሰኘው መሸጡ ብቻ አይደለም፤ የሸጠው ዕቃ ስንት እንደ ፈጀበት ማወቁ ነው። በቤት የሚሠራ ሥራ ደግሞ ወጪውን ይሸሽጋል። ውኃው፣ እሳቱ፣ የራስ ጉልበት፣ ሁሉም «ከቤት» ስለሚወጣ የሚከፈልበት አይመስልም። የሚከተለው ስሌት ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ መምህራን በየአካባቢያቸው ዋጋ እየለወጡ በክፍል ሊያሠሩት ይችላሉ።

አንዲት ሴት 10 ኪሎ ዛላ በርበሬ በኪሎ 500 ብር ገዛች እንበል። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለዝንጅብል፣ ለበሶብላ፣ ለኮረሪማ፣ ለአዝሙድና ለጨው 1,200 ብር አወጣች። ከዚያም በአእምሮዋ እንዲህ ታሰላለች፤ በርበሬው በኪሎ 500፣ ቅመሙ በኪሎ 120፣ በድምሩ 620 ብር። በ900 ብር ብሸጠው በየኪሎው 280 ብር አተርፋለሁ፤ ከአሥሩ ኪሎ 2,800 ብር አገኛለሁ። ሒሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ይመስላል።

ነገር ግን 10 ኪሎ ዛላ 10 ኪሎ ዱቄት አይሆንም። ሲቀነጠስ ግንዱና ብልሹው ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እርጥበቱ ይሄዳል፤ በዚህ 2 ኪሎ ቀነሰ እንበል። ቅመሙ ከደረቀ በኋላ 1 ኪሎ ይጨምራል። ሲታመስ፣ ሲፈጭና ሲነፋ ደግሞ 1 ኪሎ ይጠፋል። እጅ ላይ የሚቀረው 8 ኪሎ ነው። ወጪውም ሙሉ በሙሉ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ዛላ በርበሬ 5,000 ብር
ቅመማ ቅመም 1,200 ብር
ለመቀንጠስና ለመደለዝ ለቀን ሠራተኛ 800 ብር
ወፍጮ 200 ብር
መጓጓዣ 240 ብር
ማሸጊያና መለያ ወረቀት 160 ብር
የስልክና የኢንተርኔት ድርሻ 200 ብር
ድምር 7,800 ብር

8 ኪሎ በ900 ብር ሲሸጥ 7,200 ብር ይገኛል። እንግዲህ ይህች ሴት 2,800 ብር አተርፋለሁ ብላ 600 ብር ከኪሷ ከፍላለች ማለት ነው። የራሷ የሦስት ቀን ድካም ገና አልተቆጠረም። በቀን 400 ብር ቢታሰብላት 1,200 ብር ይጨመራል፤ ጠቅላላው 9,000 ብር ይሆናል። ይህ ለ8 ሲካፈል አንድ ኪሎ በርበሬ 1,125 ብር ፈጅቷል። በ1,300 ብር ብትሸጠው በየኪሎው 175 ብር ታተርፋለች።

በዚህ ላይ «ማድረሻ በነፃ» ብላ ብታስተዋውቅና ሞተረኛው ለአንድ ጉዞ 150 ብር ቢያስከፍል፣ አንድ ኪሎ ከሚያዝ ደንበኛ የሚተርፋት 25 ብር ብቻ ነው። ነፃ ማድረስ የሚያዋጣው ምናልባት አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚያዝ፣ ወይም በአንድ ሰፈር ለሚኖሩ ብዙ ደንበኞች በአንድ ጉዞ ሲደርስ ነው።

የራስን ድካም በሒሳብ ውስጥ ማስገባቱ አንዳንድ ሰዎችን ያስቃል። «ለራሴ ደመወዝ ልክፈል?» ይላሉ። መልሱ አዎን ነው። በሦስቱ ቀናት ሌላ ሥራ ብትሠራ ኖሮ የምታገኘው ገንዘብ ነበረና። ከዚህም በላይ ነገ ሥራው ሰፍቶ ሰው ብትቀጥር ደመወዙ የሚከፈለው ከዚሁ ዋጋ ላይ ነው፤ ዛሬ ያልተቆጠረ ጉልበት ነገ ዋጋ እንድትጨምር ያስገድዳታል፤ ደንበኛ ደግሞ ዋጋ ሲጨመርበት ይቀየማል።

ያ ተማሪ ስሌቱን በወረቀት ገልብጦ ወደ ቤቱ ወሰደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእናቱ እጅ የተጻፈ ገጽ ይዞ መጣ። በርበሬው ያተርፋል፤ ሽሮው ግን ክክ ማስፈጫው፣ ማገዶውና ማሸጊያው ተደምሮ ሲታይ በኪሎ ጥቂት ብር ያከስራት ነበር። ከዓመት በላይ በበርበሬው ትርፍ የሽሮውን ኪሳራ ስትከፍል ኖራለች። አሁን ሽሮውን ያቆመች እንዳይመስላችሁ፤ ሽሮ ፈልጎ የመጣ ሰው በርበሬም ይዞ ይሄዳልና ዋጋውን አስተካክላ ሁለቱንም ቀጥላለች።

የወቅቱ ነገርና ሻጋታ

በርበሬ የወቅት ዕቃ ነው። ከማረቆ፣ ከሐላባ፣ ከጎጃም ቡሬና ከሌሎችም አካባቢዎች አዲሱ ዛላ ወደ ገበያ በብዛት የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ነው። ክረምት ሲገባ ዋጋው ይወጣል፤ ቢገዛም ማድረቂያ ፀሐይ የለም። ስለዚህ በክረምት ለመሸጥ የምታስብ ሴት በበጋ ገዝታ፣ አድርቃና አስፈጭታ ማስቀመጥ አለባት። ይህም ማለት ገንዘቧ ለብዙ ወራት በጆንያ ታስሮ ይቀመጣል። ሽሮ ደግሞ በተለይ በዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ይፈለጋል፤ ለበዓላት መዳረሻም በርበሬ ይበረታል። የእኛን የአራት ዓመት መዝገብ ስመለከተው ከዓመቱ ሽያጭ ግማሽ ያህሉ የሚሸጠው በአራት ወራት ውስጥ ነው። በቀሩት ወራት የተገኘውን ዝቅተኛ ሽያጭ አይቶ ተስፋ መቁረጥም፣ በበዓል የተገኘውን አይቶ መኩራራትም ስሕተት ላይ ይጥላል።

ዛላ በሚገዛበት ጊዜ ትልቁ ጥንቃቄ እርጥበት ነው። ሚዛኑ እንዲበዛ ውኃ የሚረጩ ሻጮች አሉ። በመዳፍ ሲጨበጥ ተሰብሮ የማይንኮሻኮሽ ዛላ ገና አልደረቀም። ውኃ ሲገዙ ገንዘብ መጥፋቱ ቀላሉ ጉዳት ነው። እርጥብ በርበሬ በጆንያ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ በአንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች የሚመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝም ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ይህ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺሕ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት በሞቱ ጊዜ የሞታቸው ምክንያት ሲመረመር ነው፤ የበሉት መኖ ሻጋታ ካገኘው ኦቾሎኒ የተሠራ ነበር። የባዮሎጂ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር መርዙ በተለመደው የቤት ማብሰያ ሙቀት በቀላሉ የማይጠፋ መሆኑ ነው። «ወጥ ውስጥ ይበስላል» ብሎ የሻገተውን መፍጨት አይቻልም። ሻጋታው ከታየ ይጣላል፤ ዋጋውም ከኪሳራ ይመዘገባል።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት አረጋዊት ደንበኛ ደውለው፣ «ልጄ፣ የዛሬው በርበሬሽ የሻጋታ ጠረን አለው» አሏት።

«እማማ፣ ሌላ ነገር አብሮት ተቀምጦ ይሆን?» አለች ባለቤቴ።

«እኔ እንኳ ሰባ ዓመት በርበሬ ሳሸት የኖርኩ ነኝ፤ አፍንጫዬ አልሞተም።»

ባለቤቴ ቤት የቀረውን ከፍታ አሸተተችው፤ እውነታቸውን ነበር። ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ከተደለዘ በኋላ ደመና ስለነበር በደንብ ሳይደርቅ ተፈጭቷል። ከዚያው የተፈጨ ለሌሎች ሰባት ሰዎች ተልኳል፤ ከእነሱ አንዳቸውም አልደወሉም። ለሁሉም ራሷ ደወለችና እንዳይጠቀሙበት ነገረቻቸው፤ ለከፊሎቹ ገንዘባቸውን መለሰች፤ ለቀሩት ሌላ ላከች። የዚያን ወር ትርፍ ጨርሶ በላው። በጊዜው እኔ ራሴ «ላልደወሉት መደወል ምን አስፈለገ?» ብያት ነበር፤ አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ከእነዚያ ሰባት ደንበኞች አምስቱ ዛሬም ይገዛሉ።

አድራሻና ሞተረኛ

ፖስታ በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሞ ረጅም ዘመን አገልግሏል፤ ሆኖም ደብዳቤ ሲከፋፈል የኖረው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ በር አይደለም። ስለዚህ ለበርበሬ ማድረሻ የሚሆን አድራሻ የምንሰጣጠው በምልክት ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊው በር» እየተባለ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ደንበኛ ብሎኩንና የቤት ቁጥሩን ስለሚናገር ለሞተረኛው ይቀለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ደንበኛው ያለበትን ቦታ በራሱ ስልክ ከካርታው ላይ እንዲልክ መጠየቅ ነው። የራስን የቤት አድራሻ ግን በቻናል ላይ መለጠፍ አያስፈልግም፤ በተለይ ሴት ብቻዋን በምትውልበት ቤት። መረካከቢያው አንድ የታወቀ ሱቅ በር ወይም ማደያ ቢሆን ይመረጣል።

በአረብ አገራት፣ በአሜሪካና በሌላም ቦታ የሚኖሩ ወገኖች በሁለት መንገድ ደንበኛ ይሆናሉ። አንዱ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ለራሳቸው የሚያስልኩት ነው። ሁለተኛው፣ የሚያስተማምነውም ይኸኛው ነው፣ እዚህ ላሉት ወላጆቻቸው ለበዓል የሚያዝዙት ነው። ልጅ ከሩቅ ይከፍላል፤ እናት እቤቷ ትቀበላለች። ዕቃው ሲደርስ የእናቲቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ጥሩ ነው፤ አስቀድሞ ግን እሳቸውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ሕግና ተማሪ

«ከቤት ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ንግድን እንደ ዘወትር ሥራው የያዘ ሰው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት አለበት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ያስፈልገዋል። ምግብ የሚያዘጋጅ ከሆነ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለሚመለከተው፣ በማሸጊያው ላይ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘጋጀውና መቼ እንደተዘጋጀ መጻፍ ይኖርበታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በስልክ የተጻጻፉት ውል በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ ቢስ እንዳይባል ያደርጋል። የደንበኛንና የሻጭን የመልእክት ልውውጥ ሳያጠፉ ማቆየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ መምህር በራሱ ስም ከመነገዱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ይጠይቅ።

ተማሪዎችን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ንግዱ በወላጅ ስም ሊሆን ይገባል፤ ልጁ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ሒሳብ መመዝገብና ለደንበኞች መልስ መስጠት ይችላል። እኔ ያየሁት ችግር ሌላ ነው። አንዳንድ ልጆች ሌሊቱን መልእክት ሲመልሱ አድረው ጠዋት በክፍል ያንቀላፋሉ። በእኛ ቤት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መልስ አይሰጥም፤ ይህም በቻናሉ አናት ላይ ተጽፏል። እስካሁን በዚህ ምክንያት የቀረ ደንበኛ አላየንም።

መስመሩ ሲቋረጥ

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር መምህራን ሁሉ የምናስታውሰው ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ ይነግዱ የነበሩ ሰዎች ዕቃቸው እቤት፣ ደንበኛቸው እሰፈር እያለ መገናኘት አቃታቸው፤ የደንበኞቻቸው ስም በቴሌግራም ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ አልተጻፈም ነበርና። ስልኩ የተሰረቀበት ወይም ቻናሉ የተነጠቀበት ሰውም የሚደርስበት ይኸው ነው።

ባለቤቴ ይህን ከሌሎች ሰምታ ስለነበር ገና ስትጀምር አንድ ባለ 100 ቅጠል ደብተር ገዛች። በግራው ገጽ የደንበኛው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤቱ ምልክት፤ በቀኙ የወሰደው ዕቃ፣ ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል። በኅዳግ ደግሞ «ጨው የማይበዛበት»፣ «ሚጥሚጣ የሚጨመርለት»፣ «ልጅ የወለደች፣ ለአጥሚት የሚሆን እህል የጠየቀች» የሚል አጫጭር ማስታወሻ አለ። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ናት። ሁለቱ የሞሉት ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከወንፊቱ ጎን ተቀምጠዋል፤ ዳርና ዳራቸው በበርበሬ ቀልቷል።